ዓሣ ሻጯ

ለልጃቸው ለበፈቃዱ ሰርግ ትናንት ከደሴ ሆላንድ የገቡት እናት፣ የወደቡ በዓል ላይ ከእሱ ጋር አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ቆመዋል። ሰዉ ጥሬ ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይውጣል። ከሁሉ ያስጠላቻቸው ግን ሻጯ ነበረች። እስከ ክርኗ በደም ተለውሳ፣ ጸጉሯ ላይ ቅርፊት ተጣብቆባት፣ የዓሣውን አንጀት በአውራ ጣቷ እየዘረገፈች ወደ እነሱ ትስቃለች።

«ኤዲያ! ይቺን ደግሞ የትኛው ወንድ አቅፎ ያድራል? ገና ሳያት አቅለሸለሸኝ» አሉ።

የበፈቃዱ ፊት ተለዋወጠ። «እማዬ፣ ኧረ ቀስ በይ!»

«ምን ቀስ እላለሁ? አማርኛ እንደሆነ አትሰማ!»

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሳቋ ጠፍቷል።

«እማማ» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «በፈቃዱ አማርኛ ያስተማረኝ ከእርስዎ ጋር እንድንጫወት ብሎ ነው። እጄን ልታጠብና ልሳምዎት።»