ኮኑ ላይ የቆመው ዱላ

የምልክት ሰጪው ሁለት ዱላዎች ከራሱ በላይ ተጠላልፈዋል። አውሮፕላኑም ምልክቱን አክብሮ፣ ማቆሚያው መስመር ላይ ሳይደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምልክት ሰጪው ግን ለምን እንዳስቆመው ራሱም አያውቅም።

እጆቹ ከሐሳቡ ቀድመውት ነው። አብራሪው በመስኮቱ መዳፎቹን ዘርግቶ ምን ተፈጠረ ይለዋል። ምን ብሎ ይመልስለት? ውጭ ሞተሮቹ ያጓራሉ፤ ጆሮው ላይ ባጠለቀው ሬዲዮ ደግሞ አለቃው ያጓራል።

«አንተ፣ አሁን ደግሞ ምን አየህ?»

«ደግሞ» ማለቱ አይፈረድበትም። ባለፈው ሳምንት የአሞራ ጥላ አይቶ አንዱን አውሮፕላን አስቁሞ ነበር። እንዲህ ያለ ቀልድ ከደገምክ ሻንጣ ስትጭን ትውላለህ ተብሏል።

ወደ ግራ ያያል። የግራውን ክንፍ የምትጠብቀው ሴትዮ ዱላዋን ሽቅብ ይዛለች፤ መንገዱ ክፍት ነው ማለቷ ነው። ወደ ቀኝ ያያል። የጠዋት ፀሐይ በዚያ በኩል ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ ቢሆንም የቀኙም ዱላ ሽቅብ ቆሟል። እዚያ ያለው የእህቱ ባል ነው፤ ገና ሥራውን እየለመደ ያለ ሰው። ለምኖ ያስቀጠረው ምልክት ሰጪው ነው። እህቱ «አደራህን፣ ዓይንህ አይለየው» ብላዋለች።

ታዲያ ሁለቱም ክፍት ነው ካሉ ምኑ ነው የከነከነው? ግራ ገብቶታል፤ አፍሯልም።

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ» ይላል አለቃው።

«አንዴ… አንዴ ይታገሡኝ።»

ዱላዎቹን ሊያወርድ ይልና ሴትዮዋን እንደገና ያያታል። ክንዷ ደክሟት ዱላዋ ይወዛወዛል። የቀኙ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰው የያዘው ነገር እንዲህ አይቆምም። ጎንበስ ብሎ ከፀሐይዋ ሲሸሽ፣ ዱላው ለምልክት መሬት ላይ የቆመ የላስቲክ ኮን አፍ ላይ ተሰክቶ ያየዋል። አጠገቡ ማንም የለም።

የት ሄደ? ይሄ ሞተር እኮ ፊቱ የተገኘውን ሁሉ ስቦ ይውጣል፣ ሰውም ቢሆን።

አንዱን ዱላ አንገቱ ላይ አግድም ያንሸራትታል። አጥፋ። ደግሞ ያንሸራትታል።

«ሞተር ነው የምታስጠፋው? ጤና የለህም እንዴ?»

አብራሪው ሞተሮቹን ያጠፋል። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ከቀኙ ሞተር ፊት፣ ከፀሐይዋ ብርሃን ውስጥ፣ የእህቱ ባል የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ብቅ ይላል። መሬት ላይ ያየኸውን ቆሻሻ እንዳታልፈው፣ ሞተር ውስጥ ይገባል ብሎ ያስተማረው ምልክት ሰጪው ራሱ ነው።

«ጋሼ፣ ልትገባ ስትል ለጥቂት ያዝኳት» ይላል እያለከለከ። ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ዞር ብሎ ያያል። «ምነው አስቆምከው?»

ከሰውዬው ጀርባ የሞተሩ ማራገቢያ ክንፎች አሁንም ይዞራሉ። ከረጢቷ እጁ ላይ ሆና፣ ወደ እነሱ እየተሳበች ትርገበገባለች።