ስድስት ስፒሎች

ልብስ ሰፊዋ ስድስት ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ፣ ታላቅ ወንድሟ ነገ ሲጠመቅ የሚለብሰውን ነጭ ቀሚስ ጫፍ ታጥፍ ነበር። እሱ ደግሞ መልስ መስጠት የማትችልበትን ይህንን ሰዓት መረጠ።

«ፋብሪካውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አቃጠልሽ ተብለሽ ሰባት ዓመት የታሰርሽበትን» አላት። «ለጌታ ተናዝዤ ይቅር ብሎኛል። እንዴት እንደቀለለኝ ብታዪ!» ፊቱ ገላውን እንደታጠበ ሕፃን ያበራ ነበር።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው።

«እማዬ በእኔ እንዳፈረች ሞተች» አለችው። «እስር ቤት በመጣች ቁጥር ‹ጥፋትሽን እመኚ› እያለች ታለቅስብኝ ነበር።»

«ውይ፣ እሷማ ታውቅ ነበር» አለ ወንድሟ፣ ራሷን እየዳበሰ። «ገና ያኔውኑ ነግሬያት ይቅር ብላኛለች።»

ልብስ ሰፊዋ ስድስቱንም ስፒሎች ወደ አፏ መለሰቻቸው።