ሁለት ጊዜ የሚሰማ ሳቅ

ልጄ ኢፍቱ ከድሬዳዋው ኮንዶሚኒየማችን ሳትወጣ በኢንተርኔት ነው የምትማረው። ዛሬ የትምህርቱ መሣሪያ በሚረጨው የብርሃን ምስል ሳሎናችን ባሕር ሆነ። ከሶፋው በላይ ዓሣ ነባሪ ሲያልፍ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። እኛ አንድ መጽሐፍ ለሦስት እየተሻማን ነው የተማርነው!

ከኢፍቱ ጎን የክፍል ጓደኛዋ የቤዛ ምስል ቆሟል። ሦስት ዓመት አብረው ተምረዋል፤ የተማሪ አድራሻ ግን ለማንም አይነገርም፣ ሕጉ ነው። ትምህርት ቤት ሲቀር ጉርብትናም አብሮ ቀረ መሰለኝ፣ ከግድግዳችን ማዶ ማን እንደሚኖር እንኳ አላውቅም።

ዓሣ ነባሪው ውሃ ሲረጭ ቤዛ ሳቀች።

«እማዬ፣ የቤዛ ሳቅ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?»

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ በቡጢዬ አንኳኳሁ።

ባሕሩ መሃል ቤዛ ደንግጣ ዞረች።