አዲስ ገቢ ሰላምታ አያበዛም

ልብስ ሰፊዋ የተሳቢ እንስሳት አሳዳጊዎች ግሩፕ ውስጥ በገባችበት ቀን የሠራችው የመጀመሪያ ጥፋት ሰላም ማለቷ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ቤተሰቦች» ብላ ጻፈች። «ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገው ኤሊ ነበረው፤ አለቃ ይለዋል። እህል ካልቀመሰ ዛሬ አሥር ቀኑ። የእንስሳት ሐኪሙ እኔ የማክመው ላምና ውሻ ነው ብሎ መለሰኝ። ምን ላድርግለት?»

ሻይዋ ሳይበርድ መልስ መጣላት።

«አዲስ ገቢ፣ ደንቡን ሳታነቢ ነው እንዴ ዘው ያልሽው? ሰላምታ ገጽ ያጣብባል። የሐዘን ወሬ ቦታው ሌላ ነው። እንስሳ ደግሞ ዝርያው ይጻፋል እንጂ ስም አይወጣለትም።»

ጸሐፊው በግሩፑ «መምህር» የሚባለው ነባር አባል ነበር። እባብ አሳዳጊው፣ እስስት አሳዳጊው፣ እንሽላሊት በመስታወት ሣጥን የሚያኖረው፣ አራቱም ሺህ አባል እሱ ሳይናገር ትንፍሽ አይልም። እሱ ሲናገር ግን ሠላሳ ሰው ላይክ ለማድረግ ይሽቀዳደማል፤ ግማሹ ሳያነብ።

ደንቡ ከገጹ አናት ላይ ተለጥፏል። ልብስ ሰፊዋ የባሏን መነጽር አድርጋ ሃያ ሦስቱንም አንቀጽ አነበበች። አዲስ ገቢ ከመጠየቁ በፊት የድሮ ጽሑፎችን ያገላብጣል። ያለ ፎቶ አይጠይቅም። ነባር አባል ፎቶ እንዲለጥፍ አይጠየቅም፤ ነባር ጉራ አያውቅም። ነባርን መሟገት ያስባርራል። አንቀጽ አሥራ ሰባት፦ የአባልን ቤትም ሆነ የሥራ ቦታ ማንኳኳት ነውር ነው። ምስጋና ከአንድ ቃል አይበልጥም። ኤሊ ሲታመም ምን እንደሚደረግለት የሚናገር አንቀጽ ፈልጋ አጣች።

ፎቶ አነሣች። የስልኳ መስታወት የተሰነጠቀ ስለሆነ ምስሉ ደብዘዝ አለ።

«ይህ ኤሊ ነው ወይስ የተደፋ ሳህን?» አለ መምህር።

«እማማ፣ አጥበው መደርደሪያው ላይ ይመልሱት» አለ አንዱ። አርባ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ወንድሜ፣ እውነቴን ነው» ብላ ጻፈች።

«እዚህ አባል እንጂ ወንድም የለም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉ ሰዎች በዝተውብናል። እንስሳ የላቸው፣ ወሬ ለመልቀም ይገባሉ። እኔ አሥራ አንድ ኤሊ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው ነኝ፤ ውሸታም ከሩቅ ይሸተኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ወደ ስፌት መኪናው ሥር አየች። ድሮ ቧንቧ ሠራተኛ ባሏ ከሥራ ሲመለስ አለቃ የበሩን ድምፅ ሰምቶ ከዚያ ይወጣ ነበር። ባሏም ጎንበስ ብሎ «አለቃ፣ ዛሬም አረፈድክ» ይለዋል። ያን ድምፅ የሚያውቅ ፍጡር በዚህ ቤት ከሷ ሌላ የቀረ እሱ ብቻ ነው። አሁን ግን በር ቢከፈት ባይከፈት ግድ የለውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክብሯን ዋጥ አድርጋ እንደገና ጻፈች። «ጌታዬ፣ አፉ ዳር ነጭ ነገር አየሁ። ልጠርግለት ስል ጭንቅላቱን ያስገባብኛል። እርስዎ እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት? ጠበቅ ነው ለቀቅ?»

መምህር ሰባት አንቀጽ መለሰላት። የመብራቱ ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደሚሆን፣ የአየሩ እርጥበት ስንት ከመቶ፣ የአሸዋው ውፍረት ስንት ጣት። በመጨረሻም «ስለ አያያዝ መጠየቅ አላዋቂነት ነው» አለ። ሁለቴ አነበበችው። ስለ እጅ አንዲት ቃል የለበትም። ያልገባኝ እኔ ደደብ ሆኜ ነው ብላ አፈረች።

በማግስቱ አንድ ታክሲ ነጂ ለብቻዋ ጻፈላት። እስስት አሳዳጊ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«እማማ፣ እኔ እንደነገርኩዎት ለማንም እንዳይሉ። መምህር ቁልፍ ቀራጭ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሱቅ አለው። ቁልፍ ሲቀርጽልኝ ስልኩ ላይ በመምህር ስም ግሩፑ ውስጥ ሲጽፍ አየሁት። ፊት ለፊት ሲያይዎት ይራራ ይሆናል።»

«ደንቡስ፣ ልጄ?»

«ደንብ ኤሊ አያድንም።»

አለቃን በባሏ ሹራብ ጠቅልላ ዘንቢል ውስጥ አስገባችው። በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሱቁ ስፋቱ ከአንድ በር አይበልጥም። ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀጭን ሰው፣ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ የብረት ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ ይጠርጋል። ቀና አላለም።

«ቅጂ ነው አዲስ?»

«ልብስ ሰፊዋ ነኝ። የኤሊዋ።»

ብሩሹ ቆመ። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«አንቀጽ አሥራ ሰባትን አላነበብሽም?»

«አንብቤዋለሁ፣ ጌታዬ። ዛሬውኑ ከግሩፑ አውጥተው ይጣሉኝ፤ አይከፋኝም። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ያውቅብኛል። የእርስዎ እጅ የለመደ ነው። አንዴ ያዝ አድርገው አፉን ይዩልኝ፣ ሌላ አልልም።»

«እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አንድ ደቂቃ።»

«ደግሞስ በባዶ ዘንቢል ስንቱ መጥቶ አይቻለሁ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሹራቡን ገለጠች። አለቃ የጠረጴዛው መብራት ሙቀት ደርሶት ይሆናል፣ ቀስ ብሎ አንገቱን አወጣ።

መምህር ሁለት እጁን ከኋላው ደብቆ እስከ ግድግዳው ሸሸ። ጀርባው ላይ ቁልፎቹ ተንጫጩ።

«ይናከሳል እንዴ?» አለ።