ከኒሙ ዛፍ ጎን

“የቤት ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ከኒሙ ዛፍ ጎን ነው አልኩህ እኮ! ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል!” ሽማግሌው በስልክ ይጮኻሉ። ሚስታቸው አስም ተነስቶባቸው ወድቀዋል።

በአምቡላንስ ጥሪ ክፍሉ ስልኩን ያነሳው ፋራዝ መልእክቱን በሬዲዮ ለአምቡላንሱ አስተላለፈ። ኦራንጊ ሰፈር የደረሰው ሾፌር ራሂምዳድ ግን ንድድ ብሎታል። “የምን ኒም? ሦስቴ ዞርኩ! እዚህ ሰፈር ለመድኃኒት እንኳ ዛፍ የለም!”

የክፍሉ ኃላፊ ሲብጠይን ከወንበሩ ተነሳ። ሃያ ዓመት አምቡላንስ ሲያሰማራ ኖሯል፤ የካራቺ ሰው ቤቱን በቁጥር እንደማይጠራ ያውቃል። ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ ሲኒማው ይፈርሳል፣ አድራሻው ግን እዚያው ይቀራል። ይሄን ኒም ግን እሱም ሰምቶት አያውቅም።

ናጊና በክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ በራሷ መስመር የሞተር አደጋ ይዛለች። እንደ ልማዷ ቆማ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ያየ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ የሚሰጣት የስንብት ደብዳቤ ሲብጠይን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ልጅቷን ይወዳታል። ግን የጥሪ መዝገብ አትሞላም፤ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ጥላለች፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ በእረፍት ቀኗ መጥታ በሥራ ቀኗ ቀረች። ስትቀጠር አልደበቀችውም። “ሐኪም ኤዲኤችዲ ነው ብሎኛል፣ ሐሳቤ አንድ ቦታ አይቀመጥልኝም። ከስድስት ሥራ ተባርሬያለሁ” ብላው ነበር።

“ጨርቁን ጫን አድርገህ ያዝ፣ እንዳትለቅ” አለች በስልኳ። ከዚያ መስመሯን ሳትዘጋ ወደ ፋራዝ ዞረች። “ኒሙን ቆርጠውታል እኮ! አራት ዓመቱ። ቦታው ላይ አሁን ሞባይል ጠጋኝ ነው ያለው፣ በሩ አረንጓዴ። ራሂምዳድ፣ ከሱ በላይ ጣራ ላይ የእርግብ ቤት ይታይሃል?”

የራሂምዳድ ድምፅ በሬዲዮው መጣ። “ይታየኛል።”

“በስተግራው ባለው ቅያስ ግባ። መኪና አያሳልፍም፣ ቃሬዛውን ይዛችሁ ሩጡ። ፋራዝ፣ ሽማግሌውን ደጃፍ ላይ ቀይ ነገር እያውለበለቡ ይቁሙ በላቸው።” ወደ ራሷ ስልክ ተመለሰች። “አለሁ ወንድሜ። ደሙ ቆመ?”

ስድስት ስልክ በሚጮኽበት ክፍል፣ ጆሮዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ይሄን ሁሉ ሰምታለች። ሲብጠይን በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ጆሮ አላጋጠመውም። ቀናባት፤ ደግሞም ኮራባት።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሂምዳድ በሬዲዮ ተሰማ። “አሮጊቷን ጭነናቸዋል፣ ኦክስጅን አድርገንላቸዋል። ትንፋሽ ሲያገኙ መጀመሪያ ያደረጉት ባልየውን መሳደብ ነው። ‘ዛፍ ዛፍ እያልክ ልትገድለኝ!’ አሏቸው።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“አንቺ፣ ኒሙን በምን አወቅሽው?” አላት ሲብጠይን።

“ፊት ለፊቱ የሙሽራ ልብስ ስሠራ ነበር፣ ሦስት ሳምንት። ዛፉን ሲቆርጡ በመስኮት እያየሁ እጅጌውን ከወገቡ ጋር ሰፋሁት። ያው ተባረርኩ፣ ጋሼ። አሁንም በዚያ ሳልፍ አፍጥጬ ነው የማየው።” ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ጠፋ። “ደብዳቤውንም አይቼዋለሁ። ጠዋት መሳቢያዎን ሲከፍቱ። አይፈረድብዎትም። ግን ከሁሉም የወደድኩት ሥራ ይሄ ነበር።”

ሲብጠይን አፈረ።

ስልክ ጮኸ። ናጊና ተንደርድራ አነሳችው፣ እንደቆመች። ያልተሞላው መዝገቧ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ወለል ብሏል።

ሲብጠይን ሄዶ መሳቢያውን ከፈተና ደብዳቤውን አወጣ። ተመልሶ የናጊናን ባዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠበት።

“አንቺ አውሪ” አላት በሹክሹክታ፣ “እኔ እጽፋለሁ።”

ደብዳቤውን ገለበጠና በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረ። “ስድስት ሰዓት ከሃያ። ኦራንጊ፣ ከኒሙ ዛፍ ጎን።”