ድምፅ የማያሰማው ብስክሌት

የኋላ ጎማውን አውልቄ ብስክሌቴን የምገጥምበት የቤት ውስጥ መለማመጃ ስገዛ፣ ታች ቤት ላሉት ጎረቤቶች ስል ድምፅ የሌለውን መረጥኩ። ሻጩ የልብ ምት የሚቆጥር የደረት ቀበቶ መረቀልኝ።

ዛሬ ሚስቴን ተኝታ ትቻት ሥራ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ ከመለማመጃው ጋር የተገናኘው ስልኬ ጮኸ፦ «ልምምድ ተጀምሯል።» ፍጥነት ሠላሳ፣ የልብ ምት ዜሮ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ደወልኩላት።

«እስቲ ብስክሌቱን እዪልኝ።»

«አሁን ፎጣ አቀብዬህ አልወጣሁም እንዴ? ከዚያ ክፍል ሆነህ ትደውላለህ፣ አንተ ሰነፍ!» ሳቀች። «እጅህ ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል!»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ከቤት ውጪ! አሁኑኑ!»

«ቆይ፣ በሩ ተከፈተ...»

ከስልኩ ውስጥ የራሴ ድምፅ ተሰማኝ፦ «የኔ ቆንጆ፣ ማነው የደወለልሽ?»