የቦኖው የመጨረሻ ውሃ

የቧንቧ ሠራተኛው የሰፈሩን ቦኖ ሊነቅል መፍቻውን ሲያሳርፍ፣ አምሳል «ቆየኝ ልጄ፣ ይችን ልሙላ» ብላ እንስራዋን ደቀነች። የወረታ ከተማ ገቢ ለጎርፍ መውረጃ ቦይና ለቦኖው ጥገና አንድ ላይ እንደማይበቃ በስብሰባ ሲነገር፣ እሷም እጇን ያወጣችው ለቦዩ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቤቷ ይገባ ነበርና አልተጸጸተችም።

«ቤትዎ ቧንቧ ገብቶ የለም እንዴ እማማ?» አላት ሠራተኛው።

«ገብቷል» አለች፤ ዓይኗን ግን ከሚወርደው ውሃ አልነቀለችም። ኮረዳ ሳለች ወረፋ ይዛ ከጓደኞቿ ጋር የምትስቀው፣ እንስራዋን የሚያሸክማት ጎረምሳ መጣ ቀረ እያለች መንገዱን የምታየው እዚሁ ነበር። ያ ጎረምሳ፣ ባሏ ቻላቸው፣ አሁን ሸብቶ አጠገቧ ቆሟል።

እንስራው ሲሞላ እንደ ድሮው ጀርባዋን ሰጠችው። ቻላቸው ግን ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላትና በርከክ አለ።

«ዛሬስ አንቺ አሸክሚኝ።»

«ወንድ እንስራ ይሸከማል? ሰው ምን ይላል!»

«ይበል። ስንት ዘመን ሳሸክምሽ፣ ክብደቱን በእጄ እንጂ በጀርባዬ አላውቀውም።»

እየሳቀችም እያለቀሰችም አሸከመችው። የባጃጅ ነጂዎች ቆመው እያዩዋቸው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከፊት፣ እሷ ጋቢውን ታቅፋ ከኋላ ወደ ቤታቸው ሄዱ።